ሸክላ አንኳኪዎቹ

ሸክላ ገበያ ስንወጣ ሁላችንም ሐኪም ነን። ጀበናውን ብድግ እናደርጋለን፤ በጣታችን አንጓ ቋ ቋ እናደርገዋለን፤ ጆሯችንን እናስጠጋለን፤ ዓይናችንን ጨፈን አድርገን እናዳምጣለን። ምን እንደምናዳምጥ ግን አብዛኞቻችን አናውቅም። «የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል» ሲባል ከእናቶቻችን ሰምተናል፤ እውነትም ነው። የታፈነውን ለመለየት ግን የታፈነ ሰምቶ ማወቅ ይጠይቃል፤ ሻጯ ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዲሆነን ብላ ስንጥቅ ጀበና ይዛ አትመጣም። ስለዚህ አሥሩን አንኳኩተን፣ ራሳችንን እንደ ገባው ሰው ነቅነቅ አድርገን፣ መጀመሪያ ያነሣነውን እንገዛለን።

አርባ ምንጭ ገበያ ውስጥ ሸክላ ተራውን ማግኘት አይከብድም፤ ቋ ቋ የሚለውን ተከትሎ መሄድ ነው። ባለፈው አንድ ወንድም ከሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ተኮናትሮ መጣ፤ ባጃጁን ቁም ብሎ አስጠብቆ፣ ምጣድ ላይ ክርክር ጀመረ። ክርክሩ ረዘመ። የባጃጁ ሒሳብ ከምጣዱ ዋጋ ሲያልፍ እኛ ቆመን እያየን ነው። በመጨረሻ ንድድ አለውና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው! ጭቃ!» አላቸው። ሴትዮዋ አማርኛቸው ጥቂት ናት፤ የያዟት ግን ትበቃቸዋለች። ቀና ብለው አዩትና «ጭቃ ከሆነ የምትፈልገው ልጄ፣ ና እቤት፣ በነፃ ነው» አሉት።

ጭቃው ጭቃ ሆኖ እንዳይቀር ምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የምናንኳኳው ሁላችን እናውቃለን እያልን አናውቅም። አፈሩ ከየትም አይዛቅም፤ የሚዛቅበት ጉድጓድ ይታወቃል፤ አንዱ አፈር ብቻውን ስለሚሰነጠቅ ከሌላ አፈር ጋር ይቀላቀላል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይለቀማል፣ ይቦካል። የሚሽከረከር መንኮራኩር የሚባል ነገር የለም። ሴትዮዋ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦለች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች፣ ውስጡን በአንድ እጅ ደግፋ ውጪውን በሌላው እየፋቀች፣ እሷ ራሷ ነች በሸክላው ዙሪያ የምትዞረው። ከዚያ ጥላ ሥር ቀናት ይቆያል። ከዚያ ሜዳ ላይ በሣርና በእንጨት ተሸፍኖ ይቃጠላል። ከእሳቱ ሁሉም ደኅና አይወጣም። የወጣውን ተሸክማ መጥታ ገበያ ስትዘረጋ፣ እኛ ስልካችንን ሳንዘጋ በአንድ እጃችን አንሥተን «መጨረሻው ስንት ነው?» እንላለን። መጀመሪያውን የጠየቀ የለም።

ገዝተን ቤት ስንገባ ደግሞ ሁለተኛው ጉባኤ ይከፈታል፦ ማሟሸት። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም፤ እስከዚህ ሁላችንም አንድ ነን። እንዴት ይሟሽ የሚለው ላይ ግን ሰፈሩ ይከፈላል። አንዷ ጎረቤቴ በቡና አተላ ደጋግሞ ማፍላት ነው ትላለች። ሁለተኛዋ ወተት ካላየ አይሟሽም ባይ ናት። ሦስተኛዋ የሁለቱንም ሰምታ «እናንተ ናችሁ ጀበና የምትጨርሱት» ብላ የራሷን ታመጣለች። ለምጣዱ ጎመን ዘር እንደሚያስፈልግ ሁሉም ይስማማሉ፤ ስንት ጊዜ ይቀባ የሚለው ላይ ግን ተኮራርፈው ያውቃሉ። ባልየው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ «ፔርሙዝ ግዙና ተገላገሉ» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ጀበናው በሦስት ምክር ተሟሽቶ በአራተኛው ቋ ብሎ ይሰነጠቃል። ጥፋተኛ መገኘቱም አይቀር፦ አንኳኩቶ የገዛው ሰው።

እኔ የምውለው ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ኅትመት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን። የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ የጋሞ ዞን ጓዳ በሙሉ በእኔ ፕሪንተር በኩል ያልፋል፤ ማርም፣ ሙዙም፣ የዶርዜ ሸማውም፣ የጫሞ ሐይቅ ዓሣውም፣ ሸክላውም። የሸክላው ላይ ሁልጊዜ ዓይኔ ይቆማል። ጋን፣ «ቢግ ፖት»። እንስራ፣ «ዋተር ፖት»። ድስት፣ «ኩኪንግ ፖት»። ጀበና፣ «ኮፊ ፖት»። ገምቦ ላይ ሲደርስ ልጁ ደክሞታል መሰል፣ «አናዘር ፖት»። በስድስት ገጽ ውስጥ የእናቶቻችን ጓዳ በሙሉ አንድ ቤተ ዘመድ ሆኖ ቁጭ! አባትዬው ፖት፣ እናትየዋ ፖት፣ ልጆቹም ፖት ናቸው።

አንድ ቀን ታዲያ ወረፋው ረዝሞ፣ አንዱ ተመራቂ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ጋን በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለኝ። መልስ ለመስጠት አፌን ሳልከፍት ወረፋው መለሰ። ባንክ የሚሠራው «ባሬል ነው» አለ። ባጃጅ ነጂው፣ የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ነው፣ «ባሬል የብረት ነው፤ ታንከር በለው» አለ። አንዲት እናት ከወደ ኋላ «ውሃ የሚያዝበት ትልቁ ነገር አይደል? ሮቶ ነዋ!» አሉ። ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ አየሁት።

ተመራቂው የደጋ ልጅ ነው፣ ከጨንቻ በላይ። ያ ሁሉ ሳቅ ሲበርድ እሱ ራሱ ነው ነገሩን የገለበጠብን። «እትዬ፣ ጋንም እኮ ትርጉም ነው» አለኝ። እናቱ ቤት የእርሾው ሌላ፣ የመጠጡ ሌላ፣ የቅጠል መቀቀያው ሌላ፣ ውሃ መቅጃው ሌላ ስም አለው፤ በጋሞኛ። እሱ ግን መጠይቁን ያዘጋጀው በአማርኛ ስለሆነ እናቱ ኦቶ ያሉትን «ማሰሮ» ብሎ ጻፈ፤ ማሰሮውን ደግሞ «ፖት» አለው። ሁለት ጊዜ ታጠበ ማለት ነው። እኛ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ምሁራን፣ እንግሊዝኛ እንስራችንን ዋጠብን ብለን ደረት ስንመታ፣ አማርኛችን ከደጋው ስንት ኦቶ እንደዋጠ ማንም አላነሣም። ጀበና ብቻ ተረፈ፤ እሱ ጋሞኛም ውስጥ ጀበና ነው። ቡና ባለበት ሁላችንም እንግባባለን።

ይህ የሸክላ ስም ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን አገር፣ ሮም ገና ሮም ሳትሆን፣ ከሷ በስተሰሜን ኤትሩስካን የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዘመን ጥቁር፣ ከውጪም ከውስጥም የሚያብረቀርቅ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ምሥጢሩ ቀለም አይደለም፤ ሸክላው ሲቃጠል እሳቱን አየር ይነፍጉታል፤ ያኔ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት በመቅላት ፈንታ ይጠቁራል። የጣሊያን አርኪዮሎጂስቶች ይህንን ቡኬሮ አሉት። የግድግዳው ውፍረት እዚህ ግባ የማይባለውን ስሱን «ሶቲሌ»፣ ወፍራሙን «ፔሳንቴ» ብለው ለዩት። እንግሊዞቹ ሊተረጉሙት ቢያገላብጡት «ጥቁር ማሰሮ» ከማለት ሊያልፍ አልቻለም፤ ስለዚህ እንዳለ ወሰዱት። ዛሬ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ቡኬሮ ቡኬሮ ነው። ሻካራውንና አሮጌውን የሸክላ ዓይነት ደግሞ ኢምፓስቶ ይሉታል። እንግሊዝኛ አንባቢው ቃሉን ሲያይ ከበድ ያለ ምሥጢር ያገኘ ይመስለዋል። ጣሊያንኛው ቡኮ ማለት ነው። ቡኮ! የእኛ ተመራቂ «ቡኮ ዌር» ብሎ ቢጽፍ አማካሪው በቀይ ይሰርዝበት ነበር።

ሳቁ ግን ቡኬሮ የሚለው ስም ራሱ የኤትሩስካን አለመሆኑ ላይ ነው። ስሙ የመጣው ከስፔንና ከፖርቱጋል ነው፤ ከአሜሪካ አገሮች በመርከብ ይመጣ ከነበረ ሽታው ደስ የሚል ሸክላ። የዚያን ዘመን የአውሮፓ ወይዛዝርት ለዚያ ሸክላ አብደው ነበር። ውሃ ይጠጡበታል፣ ያሸቱታል፣ አልፎ ተርፎም የስፔን እመቤቶች ሰባብረው ይቆረጥሙት ነበር። ጣሊያኖቹ ጥቁሩን የኤትሩስካን ሸክላ ከመሬት ሲያወጡ በዚያ ፋሽን ስም ጠሩት። እንግዲህ ሠሪዎቹ ከጠፉ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ሥራቸው በሌላ አገር እመቤቶች አምሮት ተሰየመ። እዚህ ላይ መፍረድ አልችልም። በሰፈራችን እርጉዝ ሆና ዝናብ የመታው ግድግዳ ያላማራት ሴት ካለች እጇን ታውጣ።

እኛም ብንሆን ቃል እንዳለ መውሰድ ስንፈልግ እናውቅበታለን። ከጣሊያን ያልወሰድነው ምን አለ? ዳቦው ፉርኖ፣ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ። ማኪያቶ ጠጪው ሁላ፣ ማኪያቶ ማለት «እድፍ የነካው» ማለት መሆኑን ሰምቶ ያውቃል? አስተናጋጁን «አንድ እድፍ የነካው» ብሎ ያዘዘም አላየሁም። ጀሪካንም እንዲሁ ነው። ጀርመኖች ለጦርነት የሠሩትን ጣሳ እንግሊዞች ማርከው ሲያዩት ወደዱት፤ ጀርመኑን በሹፈት የሚጠሩበትን ስም ሰጡት፤ እኛም እንዳለ ተቀበልን፤ እንስራውን ከሴቶቻችን ጀርባ አውርደን ቢጫውን ጀሪካን አዘልናቸው። ጠላቱ እንኳ ለሠሪው በስሙ እውቅና ሰጥቶታል። የሲቀላን ሴቶች ጀበና የሠራችላቸው ሴት ስሟ ማን ነው ብላችሁ ጠይቋቸው፤ «ያቺ ከጥግ የምትቀመጠዋ» ይሏችኋል።

ስም ለመጠየቅ ደግሞ ከአሜሪካ ድረስ የመጣ ሰው አለ። ጆን አርተር የሚባል አርኪዮሎጂስት በ1990ዎቹ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ በጋሞ ደጋ መንደሮች እየዞረ ቤት ለቤት ሸክላ ቆጠረ፤ የቱ አዲስ፣ የቱ የተሰነጠቀ እንደሆነ መዘገበ፤ በ2006 አሳትሞ አወጣው። ከጻፋቸው ሁሉ እኔን የገረመኝ የፋርሶው ነገር ነው። ፋርሶ፣ ማለትም የእህል መጠጥ፣ ሸክላ ውስጥ ሲብላላ የሸክላውን ሆድ ይበላዋል፤ ውስጡ እየተፈረፈረ፣ እየተቦረቦረ ይሄዳል። መጠጥ አዘውትሮ የሚጠምቅ ደግሞ የተረፈ እህል ያለው ቤት ነው። ስለዚህ የጋኑ ሆድ በደንብ የተበላበት ቤት የባለጸጋ ቤት ነው። ደጃፍ ላይ ቀዳዳ ነጠላ ለብሰህ ብትቀመጥም፣ «ዘንድሮ ምን አለን» ብትልም፣ ጓዳ ያለው ጋን ይመሰክርብሃል። ገቢዎች ይህን እንዳይሰማ አደራ!

በዚያው ደጋ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ 4,500 ዓመት የተኛ ሰው ተገኝቷል። የዘር ቅንጣቱ ተነቦ በ2015፣ አሁንም በነሱ አቆጣጠር፣ ዓለም ጉድ አለ። ባይራ ብለው ጠሩት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ሳይንሱ ስሙን አልተረጎመውም፤ በየአገሩ ባይራ ነው። 4,500 ዓመት የተኛውን ሰው በጋሞኛ እንጠራለን፤ ዛሬ ጠዋት ከእሳት የወጣውን ድስት ግን «ፖት» እንለዋለን። ምናልባት ስም ለማግኘት ትንሽ መቀበር ያስፈልግ ይሆናል።

ምግብ ቤቶቻችን ደግሞ ሸክላን በሌላ መንገድ አከበሩት። «ባህላዊ» ለመባል መግቢያው ላይ ጋን ያቆማሉ። ጋኑ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ይተከላል። ደንበኛው እጁን በሶፍት ይጠርግና ወዲያ ወዲህ ያያል፤ የቅርቡ ጋን ነው፤ ጣል! በሳምንቱ አበባው ከሶፍት ክምር መሐል ብቅ ብሎ ይታያል። ሸክላ ጥብሱ ይመጣል፣ ከሥሩ ፍም ተደርጎ፣ እየተንጫጫ፤ ይህንስ አልማም፣ እወደዋለሁ፣ ከዓሣ ለብለብ ቀጥሎ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ሜኑው ላይ ግን፣ ቤቱን አልጠራም፣ «ፍራይድ ክሌይ» ተብሎ አንብቤያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ፈረንጅ መጽሐፉን አስቀምጦ ሜኑውን ደገመ፣ ሠለሰ፣ ከዚያ አስተናጋጇን ጠርቶ ፓስታ አዘዘ። የስፔን እመቤት ብትሆን ኖሮ ታዝዘው ነበር።

በየከተማው አደባባይ ላይ የሲሚንቶ ጀበና ስናቆምም አይተናል። ግዙፍ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ማታ መብራት ይበራለታል። የሲሚንቶው ጀበና ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ስለ ባህላችን ብዙ ይባላል። የጭቃውን ጀበና የሚሠሩት ሴቶች በዚያ ሰዓት ገበያ ናቸው፤ ሰው እያንኳኳባቸው።

ስለነሱ አንድ ነገር ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት ማና የሚባሉት ናቸው፤ ዱሮ መሬት አይሰጣቸውም፣ ከሌላው ጋር ጋብቻ የለም፣ ማዕድ ለብቻ ነው። ሌላውም አገር ከዚህ አይሻልም፤ ሰሜን ብትሄዱ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ አላችሁ። እናም ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሠራችው እንስራ የተቀዳ ውሃ እንጠጣለን፤ በሠራችው ምጣድ የተጋገረ እንበላለን፤ በሠራችው ጀበና የፈላ ቡና ላይ ቁጭ ብለን እሷን እናማለን። እሷ ውሃ የጠጣችበትን ኩባያ ግን እናጥባለን፣ አጥበንም ደግመን እናጥባለን። ዛሬ ይህ ቀርቷል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ኩባያው ወደ ፕላስቲክ መቀየሩን ነው፤ መታጠቡ እንዳለ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው የከተማ ሰው ደግሞ ከነሱ ጋር ምንም ጉዳይ ያለው አይመስለውም። ክዳኑን ያንሣና ይየው፤ እንጀራው የተጋገረበት ጥቁሩ ነገር ከየት የመጣ መሰለው? ከሶኬቱ?

ያ የጨንቻው ልጅ በኋላ ተመልሶ መጣ። አማካሪው «ፖት በዝቷል፣ አሳጥር» ብሎት ነበር። እሱ ግን እናቱ ዘንድ ወጥቶ፣ እናቱም ራሳቸው እርግጠኛ ስላልሆኑ ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ልከውት፣ የስም ዝርዝር ይዞ ወረደ። አንድ ሙሉ ገጽ፣ በእጅ ጽሑፍ። ሸክላ ሠሪዋ ስሞቹን እየነገረችው መሐል ላይ ቆም ብላ ሳቀችበት አለኝ፤ «ገዢው ሁሉ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነበር» ብላ።

ስለዚህ ለዘንድሮ ተመራቂዎች የማስታወቀው ነገር አለ። ስለ ሸክላ የምትጽፉ ካላችሁ፣ የዕቃዎቹን ስም ከሠሪዋ አፍ፣ በራሷ ቋንቋ ለቅማችሁ፣ የሷንም ስም በፈቃዷ ከላይ ጽፋችሁ ከመጣችሁ፣ ያቺን ገጽ በነፃ አትማለሁ። «ፖት» የሚለውን ግን ከዛሬ ጀምሮ በየቃሉ አስከፍላለሁ።